ጋቢ ያለበስነው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ስልኬ አልሞላ ብሎኝ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው የስልክ ጥገና ሱቅ ጎራ አልኩ። ጠጋኙ ወጣት ስልኬን ፈታትቶ በአጉሊ መነጽር እያየ የጋለ ቀጭን ብረት ሲያስነካው ጭስ ቢጤ ብን አለና ሽታው አፍንጫዬ ገባ። የቀለጠ እርሳስ፣ የሙጫና የጋለ አቧራ ሽታ ነው። አጠገቤ የነበረችው ሴት በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች፤ እኔ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጌ ቀረብኩ። ልጁ ጭሱ እንዳይጎዳኝ ፈርቶ ወደ በሩ እንድቀመጥ ለመነኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ያ ሽታ ለእኔ የአያ ጌጡ ሱቅ ሽታ ነው። ስልኩ እስኪሠራ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያኔ ንፋስ መውጫ እንዳሁኑ በባጃጅ የተሞላች አልነበረችም። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶብስ ገና ሳይደርስ ከሩቁ በአቧራው እናውቀው ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ያውም ስኳሩ እስኪያጣብቅ ድረስ። በገበያ ቀን ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው፣ ከስማዳ በኩል የሚወጡት ነጋዴዎች ብርዱን አልለመዱትምና ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ሲያልፉ እስቅ ነበር። ከሱቄ ጎን ያለው ሻይ ቤት አንዲት ካሴት ብቻ ነበረችው። ከጥዋት እስከ ማታ እሷኑ ሲያዞር ክሩ ላልቶ፣ የዘፋኟ ድምፅ እንቅልፍ እንደያዛት ሰው ሆኖ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁላችንም በላላው ድምፅ ልክ ነበር የምናንጎራጉር። ግራጫ ሽንሽን ቀሚስ፣ በእጄ የሠራሁት ሹራብ፣ እግሬ ላይ ጥቁር ሸራ ጫማ፤ የጽሕፈት ሠራተኛ እጇ ይታያልና ቀይ የጥፍር ቀለምም አልተውም ነበር። አሁን ሳስበው ለአንዲት ኮረብታ ላይ ላለች ከተማ ትንሽ በዝቶብኝ ነበር መሰለኝ።

ሱቄ አንድ ክፍል ናት። በሯን አረንጓዴ ቀብቼ፣ ከላይ "ውባለም የጽሕፈትና የማባዣ ሥራ" ብዬ በራሴ እጅ ጽፌባታለሁ። ብዙ ዓመት በብረቱ የጽሕፈት መኪና ከሠራሁ በኋላ፣ እስቴ በመምህርነት የነበረው ባለቤቴ አንድ ክረምት አዲስ አበባ ወርዶ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ መጣ። ሳጥኑን በገለባ ጠቅጥቆ አውቶብስ ጣራ ላይ አስጫነው፤ ሞኒተሩን ግን ለማንም አላምን ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ይዞት ነው የደረሰ። ጉልበቱ ለሳምንት አልታጠፍ ብሎት ነበር። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የፈተና ወረቀት፣ የእድር መተዳደሪያ፤ ያልጻፍኩበት የለም። ለገጹ ሁለት ብር ነበር የማስከፍለው። ማተሚያው ሲንጨረጨር ገበሬዎች በር ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር።

አያ ጌጡ ጎረቤቴ ነው። ወገዳ ተወልዶ፣ ወጣትነቱን በወታደር ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግን አሳልፎ፣ ኋላ በከተማችን ሬዲዮና ሰዓት ይጠግን ነበር። የማይቸኩል፣ ንግግሩ አጭር፣ ጣቶቹ ግን ረጃጅምና እንደ ሴት ጣት ለስላሳ የሆኑ ሰው ነው። የሰው ሬዲዮ ሲከፍት መጀመሪያ አቧራውን በዶሮ ላባ ይጠርጋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያየዋል። "ሳይነኩት ብዙ ማየት ነው" ይለኝ ነበር።

የኔታ ክንፉ የመጡት በዚያ ዘመን በአንዱ ኅዳር ነው። በአካባቢያችን ባለው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ የተስተካከለ። በበቅሎ መጥተው ከዘመዶቻቸው ቤት ያርፋሉ። አምስት ደብተር በጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ጉዳያቸውን አስረዱኝ። መምህራቸው በየመጻሕፍቱ የሚለያዩትን ንባቦች እያነጻጸሩ፣ የትኛው ትክክል እንደሆነና ለምን እንደሆነ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ፣ የኔታ ክንፉ ከአፋቸው እየተቀበሉ ጽፈዋል። ከሳቸው በቀር ያን ሁሉ የያዘ ሰው አልቀረም። አሁን ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ባሕር ዳር ሄደው ሊያስገፍፉት ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሙ ግን ይድናልም አይድንምም አላላቸውም። የሚፈልጉት ሳይሄዱ በፊት ሁሉም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ፣ በገዛ ዓይናቸው አይተው እንዲያርሙት ነው። የዜማ ምልክቱን እሳቸው በብዕር ከላይ ይጨምሩታልና በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ እንድተው አዘዙኝ። በግእዙ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ትርጉሙ እንደሚፈርስም አስጠነቀቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ እንዳያስቡ ነገርኳቸው። ጽሕፈት የተማርኩት ቁልፎቹ በወረቀት ተሸፍነውብኝ ነው፤ ሥራዬ ተመልሶብኝ አያውቅም።

ሁለት ሳምንት ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹን አርባ ገጾች አትሜ ሰጠኋቸውና በማግስቱ ጥዋት ተመለሱ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ አየሁ፤ በቀይ ቀለም የተከበቡ ቃላት ገጾቹን አዥጎርጉረዋቸዋል።

"ልጄ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። "እኔ ዓይኔ ደክሞ ነው የመጣሁ። አንቺ ግን ዓይን አለሽ ብዬ ነበር።"

ማሽኑ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ ሰው እንዲያ ቢለኝ ሰበብ ነው የምለው። አንዳንዶቹን ቃላት በትክክል እንደጻፍኳቸው አስታውሳለሁ፣ ጣቴ ራሱ ያስታውሳል፤ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው። ይቅርታ ጠይቄ አርመዋለሁ ብቻ አልኩ። እሳቸው ወረቀቱን ሰብስበው ወጡ። በሩን ዘግቼ ለብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ሥራው ቢቀርብኝ ያን ያህል አልጎዳም ነበር፤ የኔታ በየሄዱበት "የንፋስ መውጫዋ ጸሐፊ" ሲሉ ስሜ ከስሕተት ጋር ሊነሣ መሆኑ ነው አንገቴን ያስደፋኝ።

በበነጋው እኩለ ቀን ገደማ ሳላስባቸው ተመልሰው መጡ። ጥዋቱን ሙሉ ከዘመዶቻቸው ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በአጉሊ መነጽር ያንኑ አርባ ገጽ እንደገና ሲያዩ ነበር የዋሉ። ወንበር ሳላቀርብላቸው ራሳቸው ስበው ተቀመጡ።

"ስሚኝ ልጄ። እኔ አርባ ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም ነው የኖርኩ። ሰው በዓይኑ ሲሳሳት መልካቸው የሚመሳሰሉትን ፊደላት ያለዋውጣል። በጆሮው ሲሳሳት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ያማታል። ሲደክመው ደግሞ መስመር ይዘላል። ይኸ ከሦስቱም አይደለም። ቅዱስ በሚለው ቃል መካከል 'ፏ' ምን ልትሠራ ትገባለች? ይኸ የሰው እጅ አይደለም። ከሳጥኑ ውስጥ ነው።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ካለቀስኩ ያዝኑልኛል ብዬ እንጂ እንባዬ መጥቶ ነበር። የኔታም አይተው እንዳላዩ ሆነው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። ስረጋጋ አብረን ገጾቹን ለየን። የትኛውን መቼ እንደጻፍኩ በደብተሬ ስለምመዘግብ ለማወቅ አልተቸገርንም፤ ጥዋት የጻፍኳቸው ንጹሕ ናቸው፣ ከምሳ በኋላ የጻፍኳቸው ናቸው የተበላሹት።

አያ ጌጡን ጠራሁት። ሲሞቅ የሚታመም ዕቃ ሬዲዮም ውስጥ እንደሚያጋጥም፣ አንድ ክፍሉ ደክሞ ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ግን ኮምፒውተር ከፍቶ አያውቅም። እኔም ስልክ ቤት ሄጄ ወረፋ ጠብቄ አዲስ አበባ ያለውን ሻጭ አገኘሁት። ሰውየው ሰምቶኝ ካበቃ በኋላ ካሹ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ማሽኑን ሳስነሳው የሚመጣ የማስተካከያ ሰሌዳ አለ፤ እዚያ ገብቼ ካሹን እንዳጠፋውና ስሕተቱ ይቆም እንደሆነ እንዳይ አዘዘኝ። ካሽ ምን እንደሆነ ከአነጋገሩ ብዙም አልገባኝም ነበር። ለአያ ጌጡ የተነገረኝን ስደግምለት ትንሽ አሰበና በራሱ ቋንቋ አስረዳኝ፤ ዋናው ሚሞሪ ጎተራው ነው፣ ካሹ ደግሞ በየጊዜው ጎተራ ድረስ መመላለስ እንዳያስፈልግ ከወፍጮው አጠገብ የተቀመጠ ቁና ነው። ቁናው ውስጥ አፈር ከገባ እህሉ ጎተራ ውስጥ ንጹሕ ቢሆንም ዱቄቱ ይበላሻል።

ካሹን አጠፋነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድም የተበላሸ ፊደል አልወጣም። የኔታ "እህ" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን ማሽኑ እንዲያ ሲንቀራፈፍ አይቼ አላውቅም። አንድ ቃል መትቼ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ነው የመጀመሪያው ብቅ የሚለው። የአንዱን ደብተር ፋይል ለመክፈት ሻይ አዝዤ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሁለት ቀን ሞከርኩት። የመታሁትን ሳላይ ስለምጽፍ አሁን ደግሞ በራሴ መሳሳት ጀመርኩ። የቀረው ገጽ ሲቆጠር በዚያ አካሄድ ጥምቀት ሊቀድመን ነው። ያለው ምርጫ ሳጥኑን መክፈት ብቻ ሆነ። አያ ጌጡ አልዋሸኝም።

"ውባለም፣ ከፍቼው ቢሞት ልተካልሽ አልችልም" አለኝ። "አስቢበት።"

እንጀራዬ ነው። ባለቤቴ እስቴ ነው፣ የሚመጣው በወር መጨረሻ ነው፤ የማማክረው የለም። የኔታን አየኋቸው፤ እሳቸውም እኔ ላይ ላለመጫን ብለው ነው መሰለኝ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ካቻቢቴውን ራሴ አቀበልኩት።

አያ ጌጡ መጀመሪያ እጁን ከመስኮቱ ብረት ላይ አሳረፈ፤ በልብስ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ቺፕ እንደሚገድል ከወታደር ቤት ተምሯል። አቧራውን በላባው ጠረገ። ካሹ ስምንት ጥቋቁር ቺፖች ነበሩ፣ በሁለት ረድፍ አራት አራት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ግራና ቀኝ እግር ያወጡ ትሎች ይመስላሉ። ደግነቱ አልተበየዱም፤ ተሰክተው ነው የተቀመጡ። ከሳጥኑ ጋር የመጣችው መመሪያ እንግሊዝኛ ናትና መዝገበ ቃላት ይዤ እኔ አነበብኩ። ቺፖቹ የተሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ በአራት ቺፕ ብቻም ይሠራል፤ ለዚህ ግን ጃምፐር የሚሏትን፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ክዳን ከአንዱ ቦታ ነቅሎ ሌላ ቦታ መሰካት ያስፈልጋል። እኔ ሰንጠረዡን እያነበብኩ፣ እሱ በወረንጦ እያነሣ ሰካ። ከዚያ አራቱን በካቻቢቴው ጫፍ ከወዲህና ከወዲያ በጥቂት በጥቂቱ እያነሣ ነቀላቸው፤ አራቱ ቀሩ።

ችግሩ፣ ማሽኑ የሚሳሳተው ሲሞቅ ነው፤ በዚያ በኅዳር ንፋስ ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ የሚሞቅበት ምክንያት የለም። እስኪሞቅ ብንጠብቅ ቀኑን ሁሉ ሊወስድብን ነው። የኔታ ይህን ሲሰሙ ተነሡና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ብርድ ይመታዎታል ብንላቸውም አልሰሙም። ለዓይናቸው የሚሆን ሥራ ከሆነ ትከሻቸው ይታገሣል አሉ። አያ ጌጡ ሳጥኑን በጋቢው አለበሰው። ሻይ ቤት ያሉት ሰዎች በር ላይ ተሰብስበው ኮምፒውተሩን ወባ ያዘው ወይ እያሉ ሲቀልዱብን፣ የኔታ በቀሚስ ብቻ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር።

ያጠፋነውን ካሽ መልሰን አበራነው፤ አሠራራችንም እንዲህ ሆነ። ከመጀመሪያው ደብተር አንድ ገጽ እጽፋለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ እዘጋለሁ፤ መልሼ ከፍቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ገጹን በቃላቸው ያውቁታልና የተበላሸ ፊደል ስደርስ እጃቸውን ያነሣሉ። አራቱ ቺፖች ሁለት ሰዓት ከጋቢ ውስጥ ቆይተው አንድም ስሕተት አልወጣም። ስለዚህ በሽተኛዋ ከነቀልናቸው አራት አንዷ ናት። አያ ጌጡ አንዷን ጤነኛ አውጥቶ በቦታዋ አንዷን ተጠርጣሪ ይሰካል። የመጀመሪያዋ አለፈች። ሁለተኛዋን ሲሰካ አንድ እግሯ ከሥር ታጠፈባት። ያች እግር ከተሰበረች አበቃ። የቅንድብ መንቀያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ቀስ ብሎ አቀናት፤ አለፈች። በሦስተኛዋ ሦስተኛውን መስመር ሳነብ የኔታ እጃቸውን አነሡ። ቀጠልኩ፤ እንደገና አነሡ። ከዚያ ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። አያ ጌጡ ማሽኑን አጥፍቶ ጣቱን በቺፗ ላይ አሳረፈና ፈጥኖ አነሣው። እኔም ነካኋት፤ ከእሳት የወጣች ድንች ናት። በቀይ የጥፍር ቀለሜ ነጠብ አደረግንባት፣ ከሌላው ጋር እንዳትቀላቀል።

አያ ጌጡ እጁን ታጠበ፤ የኔታ ጋቢያቸውን መልሰው ለበሱና እንደሞቀላቸው ነገሩን። አራቱን ጤነኞች ሰክተን ስናበራው ማሽኑ የድሮውን ያህል ባይሆንም ከጣቴ ጋር እኩል መሄድ ጀመረ። ከአሥር ቀን በኋላ ሻጩ ምትኳን ቺፕ በአውቶብስ ሹፌር ላከልን፤ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልላ፣ ክብሪት ቤት ውስጥ ተኝታ። ጃምፐሯን ወደ ቦታዋ መልሰን ስምንቱንም ደረደርናቸው። ያ ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አገልግሎኛል።

ታኅሣሥን ሙሉ ሥራው እሱ ነበር። የተበላሹትን ገጾች አንድ በአንድ እያነበብን አረምን፤ የቀረውንም ጨረስን። እነዚያ ቀናት በዕድሜዬ ከወደድኳቸው ናቸው። የኔታ ከሻይ ቤቱ ካሴት ጋር ተላምደው፣ ዘፋኟ ስትላላ "ደከማት" እያሉ ፈገግ ይሉ ነበር። እኔም ያለዚያ ማን ያስተምረኝ የነበረ ግእዝ ቃረምኩ። አንድ ቀን "ሰረቀ ኮከብ" ብዬ በእሳቱ ሰ የጻፍኩትን አገኙት። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ኮከቡ ወጣ ማለት ነው፤ እኔ እንደጻፍኩት ግን ኮከቡ ሌባ ሆኗል። ያገኙት ካሹ ከመነካቱ በፊት ከጻፍኩት ገጽ ላይ ነበርና ለእኔ አስበው ይህም የማሽኑ ሳይሆን አይቀርም አሉ። "የለም የኔታ፣ ይኸስ የኔ ነው" አልኳቸው። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

መጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ የኔታ እንደ ቀደሙት ጸሐፍት የሠሩት ሰዎች ስም እንዲገባ ፈለጉ፤ መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ በጸሎት እንዲያስባቸው። የአስጻፊው የሳቸው፣ የጸሐፊዋ የእኔ፣ በስመ ክርስትናችን። ከዚያ አያ ጌጡን ጥሪው አሉኝ። እሱ ምን እንደሠራ የሚገልጽ ቃል ትንሽ አስቸገራቸው፤ አልጻፈም፣ አላስጻፈም፣ አልደጎሰም። ኋላ "ለዘሐደሶ" ብለው አስጻፉኝ፤ ላደሰው ማለት ነው።

"ስመ ክርስትናህ ማን ነው?" አሉት።

አያ ጌጡ ካቻቢቴውን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። ከወታደር ቤት ከተመለሰ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ ይሳለማል እንጂ ከቅጥሩ ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

"በሱ የጠራኝ የለም" አለ በመጨረሻ። "ብዙ ዘመን ሆነው። ለኔስ የሚገባ አይመስለኝም።"

"የሚገባውንና የማይገባውን እኔም አንተም አንወስንም። ንገረኝና እኔ እጠራሃለሁ።"

"ወልደ ሚካኤል" አለ፤ ድምፁ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

ፊደል በፊደል መታሁት። አትሜ ሳወጣው ወረቀቱን አልነካም፤ እጁን ከኋላው አጣምሮ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው፣ ሬዲዮ ሳይነካ እንደሚያየው። የኔታ ከጥምቀት በኋላ ባሕር ዳር ሄደው አንደኛው ዓይናቸው ጥሩ ሆኖላቸው ተመለሱ። አያ ጌጡ ግን እሳቸው እስኪመለሱ አልጠበቀም። ገጹ በታተመበት ሳምንት እሑድ ሱቁን አልከፈተም። ከቅዳሴ ስንወጣ ከቅጥሩ ውስጥ፣ በወንዶች በር በኩል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያጠልቅ አየሁት።